ከጠፈር እስከ ኮርኒስ

ስለ ኮርኒስ ታሪክ ልጽፍ መነሣቴን ስትሰሙ ፈገግ እንደምትሉ አውቃለሁ። ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ፍቅር መጻፍ ሲቻል ስለ ኮርኒስ? ይሁንና ቃላትን የሚወድ ሰው ከአንዲት ተራ ቃል ጀርባ ቤት ሙሉ ታሪክ ተደብቆ የሚያገኝበት ጊዜ አለ። ለእኔ ኮርኒስ እንዲህ ያለ ቃል ሆኖብኛል።

በከተማ ቤቶቻችን ውስጥ ቀና ብለን የምናየውን ገጽ «ኮርኒስ» እንለዋለን። ቃሉ የጣሊያን ነው። በጣሊያንኛ ግን ኮርኒስ ማለት ግድግዳና ጣሪያ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ወጣ ብሎ የሚሠራ ጌጥ፣ ወይም የሥዕል ክፈፍ ነው እንጂ መላው ገጽ አይደለም። እኛ ዘንድ ሲደርስ ጠርዙ መላውን ወረሰው። ከዚያ በፊት ቃል አልነበረንም እንዳይባል፣ አለን፤ ያውም የከበረ ቃል። «ጠፈር» ይባላል። በግእዝም ሆነ በቀድሞው አማርኛ ጠፈር የቤት ወይም የቤተ መቅደስ ውስጠኛ ጣሪያ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት የላይኛውንና የታችኛውን ውኃ የሚለየው የሰማይ ገጽም በዚሁ ስም ተጠርቷል። የጥንቱ ተርጓሚ ወደ ሰማይ ቀና ሲል የታየው ቤት ነበር ማለት ነው፤ ዓለሙ ሁሉ አንድ ትልቅ አዳራሽ፣ ሰማዩም የአዳራሹ ጣሪያ።

ዛሬ ጠፈር የሚለውን ቃል የምንሰማው ስለ መንኮራኩርና ስለ ሳተላይት ሲወራ ነው። ቃሉ ከቤት ወጥቶ ከምድር ስበት ውጭ ሄደ፤ ለቅቆት በሄደው ክፍል ውስጥ ኮርኒስ ተከራይቶ ገባ። ይህንን ሳስብ አንድ ጥያቄ ይከተለኛል። የሰማዩን ጠፈር ማን እንደ ሠራው ለሚያምን ሰው ስሙ የታወቀ ነው። የቤታችንንስ ጠፈር የሠራው ማን ነው?

*

የአብዛኛው ሕዝባችን ቤት ለዘመናት ጠፈር አልነበረውም። በሣር ጎጆ ውስጥ ቀና ያለ ሰው የሚያየው ወጋግራውን፣ ማገሩን፣ ከዚያም በላይ የክዳኑን ሣር ራሱን ነው። ከምድጃው የሚወጣው ጢስ በሣሩ ውስጥ ተንጠፍጥፎ ሲወጣ እንጨቱንም ሣሩንም በጥቀርሻ ይለብጠዋል። ጥቀርሻው ዓይን የሚያስለቅስ ቢሆንም ክዳኑን ከተባይ ይጠብቅ ነበርና የድኻ ቤት ጠፈር ጢስ ነበር ብል አላጋነንኩም። እጅ የሚለስነው ግድግዳውን ነው። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ፣ ተረግጦ፣ ለቀናት ብስል እስኪል ይተውና በመዳፍ ይመረጋል። ምርጊት የምንለው ይህ ነው፤ መሣሪያው መዳፍ፣ ጥሬ ዕቃውም የደጃፍ አፈር።

ጠፈር የነበረው ቤተ እግዚአብሔር ነው። በትግራይ፣ ሰው በገመድ ተንጠልጥሎ በሚወጣበት አምባ ላይ ያለው የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ጠፈር በእንጨት ገበታዎች የተከፋፈለ ሲሆን፣ በየገበታው እንስሳትና አራዊት ተቀርጸውበታል። ከላሊበላ በስተ ሰሜን በዋሻ ውስጥ የተሠራው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው አንዱ መስመር ጥቁር እንጨት፣ አንዱ መስመር በነጭ የተለሰነ ድንጋይ እየሆነ ይወጣል፤ ጠፈሩም በእንጨት ሥራና በቀለም ያጌጠ ነው። በጎንደር ደግሞ አፄ ኢያሱ ቀዳማዊ (እ.ኤ.አ. ከ1682 እስከ 1706 የነገሡት) የመሠረቱት የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጠፈር አለ። ክንፍ ያላቸው የኪሩቤል ፊቶች በረድፍ ተደርድረው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው ወደ ታች ያያሉ። እ.ኤ.አ. በ1888 መሐዲስቶች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ከተረፉት ጥቂት አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ይኸው ነው። ጎብኚ ሁሉ እነዚያን ፊቶች ቀና ብሎ ያደንቃል። ፊቶቹ ግን ማን እንደ ሣላቸው አይናገሩም፤ ሠዓሊው ብሩሹን ከማንሣቱ በፊት ገጹን ያዘጋጀው እጅማ ጭራሹን የሚታሰብ አይደለም።

ጎንደርን ካነሣን ኖራን ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ጽፈው እንዳቆዩት፣ በጣና ዙሪያ ድንጋይ አቃጥሎ ኖራ ማውጣት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1620ዎቹ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። የኖራ ነገር በራሱ ቅኔ ነው። ነጩ ድንጋይ እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ እሳት ሲቃጠል በውስጡ የነበረውን አየር ይተፋል፤ ውኃ ሲያገኝ ይፈላል፣ ይልማል፤ ግድግዳ ላይ ሲለሰን ደግሞ የተፋውን አየር ከከባቢው መልሶ እየሳበ ዳግመኛ ድንጋይ ይሆናል። አፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1632 ሲነግሡ ሚሲዮናውያኑን ከሀገር አስወጡ፤ ኖራውን ግን አስቀሩት። የጎንደር ግንቦች የቆሙት በዚሁ ኖራ ነው።

ኖራውን ያቦካው፣ ድንጋዩን የካበው ማን ነበር? ከግንበኞቹና ከአናጺዎቹ መካከል ብዙዎቹ የቤተ እስራኤል ልጆች እንደ ነበሩ የታሪክ ጸሐፍት መዝግበዋል። በርስት ባለመብት ያልነበሩ፣ በእጅ ሥራቸው የሚተዳደሩ ሰዎች ነበሩ። ንጉሥ ግንቡን ይመርቃል፤ ጎረቤት ደግሞ ያንኑ ግንበኛ «ቡዳ» እያለ ከማዕድ ያርቀዋል። የልጅ ልጆቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ወደ እስራኤል ሲሄዱ ጎንደር የግንቧን ሠሪዎች ዘር ሸኘች ማለት ነው። ዛሬ የአፄ ኢያሱን ቤተ መንግሥት የሚጎበኝ ሰው ወለሉ ላይ ቆሞ ቀና ቢል ደመና ያያል። ጣሪያው ወድቋልና ጠፈሩ ጠፈር ሆኗል።

*

አሁን ደግሞ ኮርኒስ የሚለውን ቃል ወደ ሰጠን ሀገር ልውሰዳችሁ። በዓለም ላይ እጅግ ዝነኛው ጠፈር ያለው ሮማ፣ በቫቲካን በሲስቲና ጸሎት ቤት ውስጥ ነው። ማይክል አንጄሎ እ.ኤ.አ. ከ1508 እስከ 1512 ሣለው። ብዙ ሰው ጀርባው ላይ ተኝቶ የሣለው ይመስለዋል፤ እርሱ ግን ከፍ ባለ መወጣጫ ላይ ቆሞ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ነበር የሠራው። ሥራው በአካሉ ላይ ያደረሰውን ጉዳት እያማረረ ለወዳጁ የላከው ግጥም እስከ ዛሬ አለ። ግጥም ለምንወድ ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ያ ሁሉ ክብር ያለው ጠፈር ከሥሩ የአንገት ሕመም ግጥም ወልዷል።

ብዙም የማይነገረው ነገር ይኸውላችሁ። ያ ጠፈር ከማይክል አንጄሎ በፊት ባዶ አልነበረም። ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ የወርቅ ከዋክብት ተበትነውበት ነበር፤ ልክ የግእዙ ቃል እንደሚለው ጠፈሩ ሰማይ ነበር። አዲሱ ሥዕል እንዲሣል የድሮው ልስን ተፍቆ መውረድ፣ በቦታውም አዲስ ልስን መለሰን ነበረበት። ይህንን ያደረገው ፒዬሮ ሮሴሊ የሚባል ግንበኛ ነው። ስሙን እንዴት አወቅን? በሥዕሉ ላይ ስለ ፈረመ አይደለም። ማይክል አንጄሎ እ.ኤ.አ. በ1508 የከፈለውን ገንዘብ በወጪ ማስታወሻው ላይ ስለ መዘገበው ነው።

እኔ በሙያዬ የባንክ ጸሐፊ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ስም፣ መጠን፣ ቀን፣ ፊርማ የማመሳክር ሰው ነኝና ይህን ሳነብ አንዳች ነገር ነክቶኛል። ገጣሚዎች ስም የሚያቆየው ግጥም ነው ብለን እንመካለን። የዚህን ሰው ስም አምስት መቶ ዓመት ያሻገረው ግን የሂሳብ መዝገብ ነው። በተለይ ደግሞ በእርጥብ ልስን ላይ የሚሣል ሥዕል በየዕለቱ ለዚያ ቀን የሚበቃውን ያህል ብቻ ተለስኖ፣ ሳይደርቅ የሚሣል መሆኑን ስናስብ፣ ከእያንዳንዱ የሥዕል ቀን በፊት አንድ የልስን ማለዳ እንዳለ እንረዳለን። ሣዩ የሚመጣው ለሳኙ ከቀደመ በኋላ ነው። የጎንደሩ ለሳኝና የሮማው ለሳኝ ልዩነታቸው ምንድን ነው ቢባል፣ አንዱ የተከፈለው ተጽፎለታል፤ ለሌላው አልተጻፈለትም።

*

ወደ ቤታችን እንመለስ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ቤቶቿ የጭቃና የሣር ነበሩ። ቆርቆሮ እየተስፋፋ ሲመጣ የከተማው ሰው አዲስ ችግር ገጠመው። ቆርቆሮ ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት ይበርዳል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ዝናቡ ሲያወርደው ሰውና ሰው አያደማምጥም። ተራው ሰው ጠፈር ያስፈለገው ያኔ ነው። መፍትሔውም አቡጀዲ ሆነ። ጨርቁ በቀጫጭን እንጨቶች ላይ ተወጥሮ በምስማር ይመታል፤ በኖራ ወይም በዱቄት ሙጫ ይለቀለቃል። አቅም ያነሰው ማዳበሪያ ከረጢት ገጥሞ ይወጥራል፣ ጋዜጣ ይለጥፍበታል። እኔ ያደግሁት እንዲህ ባለ ኮርኒስ ሥር ነው። ሌሊት አይጦች ከላያችን ሲሯሯጡ ጨርቁ ወደ ታች ጎበጥ ሲል አያለሁ፤ ክረምቱ ያፈሰሰው ውኃ ደርቆ የሚተወው ቡናማ ቅርጽ ደግሞ ለእኔ የመጀመሪያው ካርታ ነበር። ለበዓል ሲደርስ እናቴ ኖራ በጥብጣ ትቀባዋለች፤ ሀገሮቼ ሁሉ ይጠፋሉ።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የፋሺስት ወረራ መንገድና ሕንፃ ሲሠራ የግንባታው ቋንቋ ጣሊያንኛ ነበር። ወራሪው ወጣ፤ ቃላቱ ግን በሠራተኛው አፍ ቀሩ። ጣውላ፣ ሞራሌ፣ ፌሮ፣ ስቱኮ፣ ጀሶ፣ ኮርኒስ… እነዚህን ቃላት ያቆዩልን ሊቃውንት አይደሉም፤ ጭቃና ሲሚንቶ የነካው እጅ ነው። ከእነርሱ መካከል ጀሶ የተለየ ዕጣ አለው። ጣሊያኖች ከላቲን፣ ላቲን ከግሪክ ወሰደው፤ ግሪኮች ደግሞ ከሴማውያን ቋንቋዎች እንደ ተዋሱት የቋንቋ ሊቃውንት ያምናሉ፤ በጥንቱ አካድኛም «ጋሡ» የሚል ዘመድ አለው። ቃሉ በሮማ በኩል ዞሮ ወደ ዘመዶቹ ቤት ተመለሰ እንበል። ድንጋዩም ቢሆን የሩቅ አይደለም። ወደ ጎጃም ሲወርዱ፣ ከጎሐ ጽዮን በታች በዓባይ ሸለቆ ውስጥ ነጭ ሆኖ ይገኛል።

የእጅ ሥራ ንቀት ግን ከቃላቱ ይልቅ ሥር የሰደደ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። አንድ ንጉሥ ሠራተኛ አይሰደብ ብሎ አዋጅ ማስነገር ካስፈለገው፣ ስድቡ ምን ያህል የተለመደ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። አዋጁ ስድቡን ከለከለ፤ ስም ግን ማንም አልመዘገበም።

*

ይህንን ሁሉ በመጻሕፍት አውቀው ነበር። በአንገቴ ያወቅሁት ግን ዘግይቼ ነው።

በአዲስ አበባ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ የተስፋፉት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ለባለ ዕድሉ የሚሰጡት የውስጥ ሥራቸው ተጠናቅቆ አይደለም። ቤት የደረሰው ሰው ልስኑን፣ ወለሉን፣ ቀለሙን በራሱ አቅም ይጨርሳል። እኔም ቁልፍ ስረከብ የተረከብሁት ግራጫ ሳጥን ነበር። ግድግዳውን በባለሙያ አስለሰንሁ። የአንዲቷን ክፍል ጠፈር ግን ራሴ ልሥራው ብዬ ቆረጥሁ። ደመወዜ ያስገደደኝ አንዱ ምክንያት ነው፤ ሁለተኛው ምክንያት ስለ ጎንደርና ስለ ሮማ ያነበብሁት ነው። ግድግዳውን የሠሩልኝ አዛውንት ለሳኝ ለሁለት እሑዶች መጥተው ሊያሳዩኝ ፈቀዱ።

«ጠፈር ከግድግዳ አይገናኝም ልጄ» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን። «ግድግዳ ይሸከምልሃል። ይኼ ግን የሰጠኸውን ሁሉ መልሶ ፊትህ ላይ ሊጥል ነው የሚጠብቅህ።»

መጀመሪያ ኮንክሪቱ በብረት ብሩሽ ተፍቆ አቧራው ይጠረጋል። ለስላሳ ኮንክሪት ልስን አይዝም፤ ስለዚህ ቀጭን የሲሚንቶ ድብልቅ ይረጭበትና ሲደርቅ ሻካራ ቆዳ ያወጣል። ጀሶው ሲበጠበጥ ዱቄቱ በውኃው ላይ ይነሰነሳል እንጂ ውኃው በዱቄቱ ላይ አይፈስም፤ አለዚያ ይጓጉላል። የጀሶ ድንጋይ 150 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቀት ሲጠበስ በውስጡ ካለው ውኃ ሦስት አራተኛ እጁን ያጣል። ውኃ ስንሰጠው የጠፋበትን ለመመለስ ይጣደፋል፤ ባልዲው በእጅ ሲነካ ሞቅ ይላል፤ በደቂቃዎች ውስጥም ዳግመኛ ድንጋይ ይሆናል። ጭቃ ቀናት ይጠብቃል፣ ኖራ ሳምንታት ይታገሣል፤ ጀሶ ግን ለማሰላሰል ጊዜ አይሰጥም። ሁለት በርሜል ላይ በተጋደመ ጣውላ ቆሜ፣ አንገቴን ቀልብሼ፣ ክንዴን ከራሴ በላይ ዘርግቼ ስገፋ የማይክል አንጄሎ ግጥም ለምን ምሬት እንደሆነ ገባኝ።

ከዚያ በፊት ግን፣ ኮንክሪቱን ስንፍቅ አንድ ነገር አየን። በማዕዘኑ በኩል በከሰል የተጻፈ ነገር ነበር። አራት ቋሚ መስመሮችና አንድ ማቋረጫ፤ እንደገና አራት ቋሚና አንድ ማቋረጫ፤ ከጎኑ በተጣመመ እጅ «ቅዳሜ ግማሽ» የሚል። ምን እንደሆነ ለመረዳት የባንክ ሠራተኛ መሆን አያስፈልግም፤ ለመደመር ግን የእኔ ዓይነት ልማድ ያስፈልጋል። ደመርሁት። 17 ቀን ተኩል ይሆናል። የአንድ ቀን ሠራተኛ የግል መዝገብ ነበር። ስም የለውም። ከሥሩም ተከፈለ የሚል ምልክት የለም።

«ጋሼ፣ ይህንንም እንለስነው?» አልኋቸው።

ከሰሉን ለረጅም ጊዜ ቀና ብለው አዩት። «የሱን ሂሳብ እኔም አልፌበታለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ልስን የሚለሰነው የታችኛው እንዳይታይ ነው ልጄ። እኛ እኮ ሁላችንም ከሥር ነን።» ከዚያም ማንኪያቸውን አቀበሉኝ።

መስመሮቹን አንድ በአንድ በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ገለበጥኋቸው፤ ከዚያ ለሰንኋቸው። ሌላ ምን ማድረግ እንደሚቻል እስከ ዛሬም አላገኘሁም።

*

ውድ አንባቢያን፣ «ልስን» እና «ልሳን» በፊደል ምን ያህል ጎረቤት እንደሆኑ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ሥራቸው ግን ተቃራኒ ነው፤ ልሳን ይገልጣል፣ ልስን ይሸፍናል። የልስን ሙያ ትልቁ ክብር ሠሪው እንዳይታወቅ ማድረጉ ነው። የእጁ ፈለግ ከታየ፣ ማንኪያው የቆመበት መስመር ከቀረ ሥራው ጎደሎ ነው ይባላል። ፍጹም የሆነ ጠፈር ማንም ያልሠራው የሚመስል ጠፈር ነው። በዚህ ምክንያት የለሳኝ ታሪክ ከሌላው ባለ እጅ ሁሉ ይልቅ ቶሎ ይጠፋል። ሸማኔ ጥለት ይተዋል፣ ሸክላ ሠሪ የጣት አሻራ ትተዋለች፤ ለሳኝ ግን ሙያው ራሱን ማጥፋት ነው።

እናም ታሪክ ስንጽፍ እኛም ልስን እየለሰንን እንዳይሆን እሠጋለሁ። «ፋሲለደስ ግንብ ሠራ» እንላለን፤ «እገሌ ሕንፃ አስገነባ» እንላለን። ዓረፍተ ነገሩ ለስላሳ ነው፣ ስንጥቅ የለውም። ከሥሩ ግን በከሰል የተሰመሩ ቀናት አሉ። ኖራውን ማን እንዳቦካው በዜና መዋዕል ካልተገኘ፣ ከሮማው የወጪ ማስታወሻ እንደ ተማርነው በደረሰኝ፣ በደመወዝ መክፈያ፣ የጣት አሻራ ባረፈበት ወረቀት ላይ መፈለግ ይቻላል። ከእነዚህ ወረቀቶች ብዙዎቹ ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ታጭቀው ይገኛሉ፤ አይጥና እርጥበት ሳይቀድሙን አንድ ሰው ቢያነባቸው የብዙ ሰው ስም ከልስን ሥር ይወጣል። እኔ በበኩሌ የገለበጥሁት አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ በእርሱም ላይ ይህችን ስንኝ ጻፍሁ።

ቀና ብዬ ሳየው ነጭ ሆኗል ጠፈሩ፣
በከሰል የጻፈው ተሸፍኗል ቁጥሩ።
እንግዳ ሲመጣ «ማን ሠራው?» እያለ፣
«እኔ ነኝ» እላለሁ፤ እውነት ግን ሌላ አለ።
አሥራ ሰባት ተኩል ቀን የቆመ አንገት
ያለ ስም ይኖራል ከራሴ በላይ ቤት።
ሰማይን የሠራ ስሙ ይታወቃል፤
የቤቴ ጠፈር ግን ዛሬም ይጠይቃል።